የሳሎኑ ጠበቃ

«የሽማግሌው ሳል ባለጉዳዮቼን እያስደነገጠብኝ ነው» አለ ጠበቃው። «ትናንት አንዲት ሴትዮ ስለ ውርስ ክርክሯ እየነገረችኝ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳሉ ሲነሳ አፏን ይዛ ቀረች። ‹የታመመ ሰው አለ እንዴ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

እታለም ኮሪደሩን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነበር። እጇ ወለሉ ላይ እንዳለ ቆመ። ከሳሎኑ መጋረጃ ወዲያ ያለው ወንድሟ ይቆጣል ብላ ጠበቀች፣ ቢያንስ «አባቴ እኮ ነው» ይላል ብላ። ወንድሟ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ይገባኛል» አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉ ይለቀቅልዎታል። አክስቴ ጋ ይሄዳል፤ ተነጋግረናል። ግቢዋ ሰፊ ነው፣ አየሩም ይስማማዋል። እርስዎ ያንን የዓመት ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ያስቡበት።» ጠበቃው «እሱ አያሳስብህ» አለ። ወንበር ሲገፋ ተሰማ። እታለምም ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ነክራ፣ ውኃው ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ጨመቀችው።

ድምፅ አለማሰማት የዚያ ቤት ሕግ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከበሩ በኩል ያለው የባለጉዳዮች መጠበቂያ፣ ከመስኮቱ በኩል ያለው የጠበቃው ቢሮ ሆኗል። ቤተሰቡ የሚገባና የሚወጣው በጓሮ፣ በኩሽናው በር ነው። ቀን ቀን ሬዲዮ አይከፈትም፤ የድስት ክዳን በጨርቅ ተይዞ ነው የሚከደነው፤ ማንም ማንንም ከክፍል ክፍል አይጠራም። ጠበቃው ግን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፍርድ ቤቱ አጠገብ የነበረው አሮጌ ሕንፃ ለገበያ አዳራሽ ተብሎ ሲፈርስ፣ ፋይሎቹን በመኪናው ኋላ ጭኖ ከተማውን ሲዞር የከረመ ሰው ነው። ከተማው እንደ ጉድ እየተገነባ ነው፤ ዓይን በደረሰበት ሁሉ ክሬን ቆሟል፤ የሲሚንቶ መኪና መንገዱን ዘግቶ ይውላል። ነገር ግን የሚገነባው ሁሉ ወይ ገበያ አዳራሽ ነው፣ ወይ መጋዘን፣ ወይ ሆቴል፣ ወይ የመኪና መሸጫ። ጠረጴዛ ዘርግቶ ወረቀት ለሚጽፍ ሰው ማንም አላሰበለትም። የሒሳብ አዋቂው የሰው ጋራዥ ውስጥ ገብቷል፣ ውል አዋዋዩ መኝታ ቤት ተከራይቷል። የኢንሹራንሱ ወኪል ቢሮ ድሮ የዶሮ ቤት ነበር እየተባለ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚገባው ከአክብሮት ሳይሆን ከበሩ ማነስ ነው እየተባለ ይቀለዳል።

እውነተኛ ስሟን የሚጠራት የለም። ወንድሟ አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሏት ነበር፣ ሰፈሩም ከእሱ ወስዶ እታለም እንዳላት ቀረ። እናታቸው ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱም አድጎ ኤሌክትሪሺያን ሆነ፤ በየገበያ አዳራሹና በየመጋዘኑ ሽቦ ሲዘረጋ ይውላል። አሁን ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ መውለጃዋም ደርሷል። የሚተኙበት ክፍል ከመጥበቡ የተነሳ አልጋው ከግድግዳ ግድግዳ ነክቶ ቆሟል፤ አንዱ ለመውረድ ሌላውን ይሻገራል። ጠበቃው የዓመት ኪራይ አስቀድሞ ከከፈለ ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ይሠራል፤ የወንድሟ ሐሳብ ይህ ነበር። ሐሳቡ አልጠፋትም። የጠፋት፣ ያ «ይገባኛል» የሚለው ቃል እንዴት እንደዚያ ቀልሎ ከአፉ እንደወጣ ነው።

ኩሽናው ውስጥ ተገናኙ። ቆሞ ሻዩን ጠጣ፣ መሣሪያ መያዣውን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ግን ከስኳሩ ዕቃ ላይ አላነሳም። መስማቷን አውቋል። ነገሩ አፏ ድረስ መጣ፤ ግን የወንድሟ ሚስት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ያበጠ እግሯን እያሸች ነበርና፣ ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው። «ዛሬ ልዘገይ እችላለሁ» አለ። «እሺ» አለችው። በጓሮ በር ወጣ።

ለአባታቸው ሻይና ዳቦ ይዛ ገባች። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር ድምፅ በላይ ሲናገሩ የኖሩ ሰው፣ አሁን ሳል ሲመጣባቸው ትራስ አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ሐኪሙ የቆየ የጭስ በሽታ ነው፣ ወደ ሰው አይጋባም ብሏል፤ የሚድንም አይደለም። ክፍላቸው ከጠበቃው ጠረጴዛ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደዚያው ግድግዳ አዙረው አገኘቻቸው። «ያ ግራጫ ኮቴ የት ነው?» አሏት በሹክሹክታ። «ቁም ሳጥን ውስጥ ነው አባባ። ምን ልታደርገው?» «እንዲያው ነው» አሉና ሻዩን ተቀበሏት። ልትነግራቸው ፈለገች። ምን ብላ? ልጅህ ሊሸኝህ ነው ብላ? ዳቦውን ቆርሳ አጠገባቸው አስቀመጠችና ወጣች።

እታለም የምትሠራው የሥራ ልብስ ከሚሰፋበት ቤት ነው። ግንባታው በበዛ ቁጥር የቱታ ትእዛዝ ይበዛል፣ የስፌት መኪናዎቹም ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫሉ። ከሰው ሁሉ ድምፅ እንደልብ የሚሰማበትን ያንን ቤት የምትወደው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። የዚያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ስፌት ስታ ፈታች። በመጨረሻ ለአለቃዋ «ከምሳ በፊት ልውጣ፣ ቤት ጉዳይ አለብኝ» አለቻት። አለቃዋ በመነጽሯ ላይ አሻቅባ አየቻትና «ሰው ሞተ?» አለች። «አልሞተም።» «እንግዲያው ነገ ማልደሽ ትመጫለሽ።»

የያዘችው ሐሳብ ቀላል ነበር። ጠበቃው ሁለት ክፍል ያለው ቢሮ ካገኘ፣ የአባቷን ክፍል አይፈልግም። ኪራዩ እንደሚቀር ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። የአባቷ መድኃኒት፣ የወንድሟ ሚስት ሕክምና፣ የቤቱ መብራትና ውኃ ከዚያው ነው የሚወጣው፤ የራሷን ቤት ጉሮሮ ልታንቅ እየሄደች እንደሆነ ታውቃለች። እግሯ ግን አልቆመም።

ደላላው ከዋናው መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። «ምን ነበር እህቴ? ሱቅ? መጋዘን? አዳራሽ?» ቢሮ ስትለው አፉ ውስጥ የነበረውን ማስቲካ ወደ ጉንጩ ገፋው። «ቢሮ ብትተይውስ? መጋዘን በይኝ፣ ዛሬውኑ ቁልፉን ልስጥሽ።» እሺ እንይ ብላ አብራው ሄደች። መጀመሪያ የወሰዳት አዲስ የተከፈተ የገበያ አዳራሽ ነው፤ መስታወት በመስታወት፣ ደረጃው ራሱ የሚሄድ፣ ግማሹ ሱቅ ያልተያዘ። ባዶ የቆመ ሱቅ አይታ ስትጠይቅ፣ የአስተዳደሩ ሰው «እዚህ የሚሸጥ ዕቃ የሌለው አይገባም» አላት። «ጠበቃ ምን መስኮት ላይ ይደረድራል?» ቀጥሎ ያሳያት ረጅሙ ሕንፃ ሆቴል ነው፣ ከላይ አዳራሽ፣ ከታች መኪና ማቆሚያ። ከዚያ ማዶ ያለው የግል ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ጎን ያለው የመኪና መሸጫ። «ታዲያ እነዚህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ወረቀታቸውን የት ቁጭ ብለው ነው የሚፈርሙት?» አለችው። ደላላው ሳቀ። «መኪናቸው ውስጥ» አለ። «ሰውዬው መጋዘን ጥግ ላይ መቀመጥ ከፈለገ ግን ከከተማው ዳር አዲስ ያለቀ አለ። ባለቤቱ እሺ ሊል ይችላል።» ቦታውን ሲነግራት ወንድሟ የሚሠራበት መሆኑን አወቀች። ደላላውን አመስግና ብቻዋን አውቶቡስ ያዘች።

መጋዘኑ እንደ ሰማይ ሰፊ ነበር። ቆርቆሮው ግልጥልጥ ያለ፣ ወለሉ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ከወዲያኛው ጫፍ ይመለሳል። ዘበኛው «ምሳ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው እስኪመጣ ጠብቂ» ብሏት በሩ አጠገብ ቆመች። ሠራተኞቹ እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል፤ የለበሱት ቱታ እሷ ከምትሠራበት ቤት የወጣ ነው፣ የኪሱን ስፌት ከሩቅ ለየችው። ወንድሟ ከሁሉም ተነጥሎ፣ የኬብል መጠቅለያ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ስልክ ያወራል። ያ ባዶ ቤት ደግሞ ሹክሹክታ አይደብቅም።

«አክስቴ፣ ሁለት ወር ብቻ... አውቃለሁ፣ የአንቺንም ጉልበት አውቃለሁ። ግን ለሰውዬው ቃል ሰጥቼ... እኮ፣ ምግቡን ከዚህ እናመላልሳለን፣ እታለም ትመጣለች...» ከዚያ ብዙ አዳመጠ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «እሺ፣ እንዳልሽ። አይ፣ አልተቀየምኩም።» ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ የምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መሬት አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እታለም ሄዳ ትከሻውን ልትነካው አንድ ጊዜ ተራመደች። ከዚያ ተመለሰች። እንዳየችው ቢያውቅ የበለጠ ያፍራል። ለዘበኛው በኋላ እመለሳለሁ ብላው ወጣች፣ አልተመለሰችም።

ቤት ስትደርስ የወንድሟ ሚስት ኩሽና ውስጥ ሩዝ እየለቀመች ነበር። «አባባ ዛሬ ተሽሏቸዋል መሰለኝ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከምሳ በኋላ አንድም አልሳሉም።» እታለም ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ክፍላቸው ሄደች። አልጋው ተነጥፏል። ትራሱ በቦታው ነው። ሰው የለም። መጸዳጃ ቤቱን አየች፣ ጓሮውን አየች፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ዞረች። መኪና መጥቶ ወስዷቸው ይሆን? ወንድሟ ሌላ ዘመድ አግኝቶ ይሆን? ግድግዳውን ይዛ በኮሪደሩ መጣች፣ ዓመት ሙሉ በቀን ነክታው የማታውቀውን የሳሎኑን መጋረጃ ገለጠች።

የባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ትልቅ ቦርሳ ባቀፈች ሴትዮና ሰዓቱን በሚያይ ጎልማሳ መካከል፣ አባቷ ተቀምጠዋል። ግራጫውን ኮት ለብሰዋል፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘው ሳሉን ሲታገሉ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። የጠበቃው ጸሐፊ ከጠረጴዛዋ ብድግ ብላ ወደ እታለም መጣች። «ለምኛቸዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ባለጉዳይ ነኝ፣ ወረፋዬን እጠብቃለሁ አሉ። ለወንድምሽ ደውዬለታለሁ፣ እየመጣ ነው።»

«አባባ፣ ተነስ እንግባ» አለቻቸው።

«ተራዬ ሊደርስ ነው» አሉ።

ሰዓቱን ያይ የነበረው ጎልማሳ ገብቶ እስኪወጣ፣ እታለም አጠገባቸው ቆማ ቆየች። ጸሐፊዋ ስትጠራቸው ተነሱ፣ ክንዳቸውን ደግፋ አብራቸው ገባች። ጠበቃው ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። እጃቸውን ጨበጡት፣ ተቀመጡ፣ በሰፊው መስኮት ወደ ውጭ አዩ። በዚያ መስኮት ፊት ድሮ ሬዲዮናቸውን ይሰሙ ነበር።

«ጉዳይዎ ምንድን ነው አባቴ?» አለ ጠበቃው፣ ሌላ የሚለው ቢጠፋው።

«ከቤቴ ሊያስወጡኝ ነው። ጠበቃ ልይዝ ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው የሚያስወጣዎት?»

«አንደኛው ልጄ ነው። ሁለተኛው አንተ ነህ።»

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የነበረው የወረቀት መንኮሻኮሽ ቆመ። ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። «አባቴ፣ በራሴ ላይ ቆሜ ልከራከርልዎ አልችልም» አለ። «ሌላ ጠበቃ ማግኘት...»

«ልክ ነህ። ግን እግሬ እሩቅ አይሄድም፣ አንተ ደግሞ ቅርብ ነህ። እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቤቱ በስሜ ነው። ከክፍሌ አልወጣም ብል ሕጉ ምን ይላል?»

ጠበቃው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ማንም ሊያስወጣዎት አይችልም» አለ።

«እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አሉ አባቷ፣ ያን ጊዜም ሲታገሉት የዋሉት ሳል አመለጣቸው። ረጅም ሳል ነበር። እታለም ከጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ውኃ ቀድታ አቀበለቻቸው። ሳሉ ገና ሳያልቅ ወንድሟ ገባ፤ ቱታው አቧራ፣ ጫማው ሲሚንቶ፣ ከሩጫው ብዛት ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አባቱን አየ፣ ጠበቃውን አየ፣ ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

«እታለም፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«እሷ ምንም አልነገረችኝም» አሉ አባታቸው። «የእኔ ሳል ወደዚህ የሚሰማ፣ የእናንተ ወሬ ወደዚያ የማይሰማ መስሎህ ነው? ግድግዳው አንድ ነው እኮ።» ከዚያ ቀና ብለው ወደ እሷ ተመለከቱ። «አንቺስ? ሰምተሽ ነበር?»

የፈራችው ይህንን ነበር። «ሰምቼ ነበር» አለች።

«ሻይ ስታመጪልኝም ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እና ምን አደረግሽ?»

እንባ ሳይሆን ሙቀት ፊቷ ላይ ወጣ። «ቢሮ ስፈልግ ዋልኩ» አለች ወደ ጠበቃው እያመለከተች። «ለእሳቸው። ሁለት ክፍል ያለው ካገኙ ያንተን አይፈልጉም ብዬ።» ይህን ስትል ለራሷም የሞኝ ነገር መሰላት። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ባለ ቦርሳዋ ሴትዮ፣ መስማቷን መደበቅ ረስታ፣ «ታዲያ አገኘሽ ልጄ?» አለች። «አላገኘሁም እናቴ» አለች እታለም። «መጋዘን ነው ያለው።» ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ፈልጌ ፈልጌ ነው እዚህ የመጣሁት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወንድሟ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «ለማንኛውም አክስቴም እንቢ ብላለች» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ዛሬ ነው የነገረችኝ።» እታለም እንደማታውቅ ሆነች። «ጠዋት ተነጋግረናል ያልኩዎት ውሸት ነው» አለ ለጠበቃው። «እሺ ትለኛለች ብዬ ነው።» ጠበቃው ክፍሉ ይቅር፣ ፋይሎቹን እዚሁ እደራርባለሁ አለ፤ ስለ ቅድሚያው ክፍያ ግን ምንም አላለ፣ ሁሉም አለማለቱን አስተዋሉ። ያን ጊዜ ወንድሟ ድምፁ ተሰበረ። «ልጁስ? ሲወለድ የት ነው የምናስተኛው? ከተማው ሙሉ እኔ መብራት ያላስገባሁበት አዳራሽ የለም፤ ለአንድ ሕፃን የሚሆን ቦታ ግን አጣሁ።» ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መቆሟን እታለም ያን ጊዜ አየች።

«እኔ ጋ ይተኛል» አሉ አባታቸው።

«አባባ፣ አንተ እኮ ታስላለህ።»

«እኔም እስላለሁ፣ እሱም ያለቅሳል። ጠበቃው የትኛችንን ዝም እንደሚያሰኝ ያኔ አያለሁ።» ቆባቸውን አነሱ፣ በትራቸውን ፈለጉ። «አልወጣም ነው ያልኩት» አሉ ለልጃቸው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ። «አንተ ውጣ አላልኩህም።» ሚስቱ ክንዷን ሰጠቻቸውና አብረው ገቡ።

ወንድሟ ወደ ኩሽና ተከተላት። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ፣ ተወው። ከሳሎን ባለ ቦርሳዋ ሴትዮ ስለ መሬት ወሰን ስታወራ ይሰማል።

«ለምን ጠዋት አልተቆጣሽኝም?» አላት።

«ብቆጣህ ትሰማኝ ነበር?»

«አልሰማሽም ነበር» አለ። «ቢሆንም ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።»

እታለም እጇን ታጥባ በቀሚሷ አደረቀች። ጠበቃው አልወጣም፣ ባለጉዳዮቹም አሉ፤ ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣው በር ገርበብ ብሎ ክፍት ነው። አልዘጋችውም። ከዚያ ቃላቷን ሳትመርጥ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ይገባኛል ብለህ ነው የመለስክለት» ብላ ጀመረች። ሳሎን ውስጥ ሴትዮዋ ወሬዋን አቋረጠች። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጣት።